የነጭ አይጦች ነገር

ሰው በዓይኑ ያየውን ሁሉ ወዲያው እንደ ገባው አድርጎ የፈረደ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ፍርዱ ይገለበጥበታል። እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ስንኖር ይህን ከመዛግብቱ ደጋግመን አይተነዋል፤ ምስክሩ ያየው ነገር እውነት ሲሆን፣ ካየው ነገር ያወጣው ትርጓሜ ግን ስሕተት ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገርም እንዲሁ ከአንድ ፎቶግራፍ የተነሣ ነው።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት የይፋግ እናት ወደ እኛ መጡ። በቀኝ እጃቸው ሁለት ዶሮዎች እግራቸውን አስረው ቁልቁል አንጠልጥለዋል፤ በግራ እጃቸው የእጅ ስልክ ይዘዋል። ዓይናቸው ከልቅሶ የተነሣ ቀልቷል። ዶሮዎቹን ከደጃፉ ጥለው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህና እስቲ ይህን እይልኝ» ብለው ስልኩን ሰጡን።

ፎቶግራፉ ከአሜሪካ የተላከ ነው። በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሣጥኖች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ በየሣጥኑም ነጫጭ አይጦች ይታያሉ። ከሥሩ ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ይኸውልሽ፤ ከብቶቼ እነዚህ ናቸው። እንግዲህ ምግቡን ከገበያ አልገዛም፤ ራሴ አረባለሁ» ብሎ ጽፎበታል። የጎረቤት ልጅ ይህን ባነበበላቸው ጊዜ፣ ልጃቸው በሰው አገር ተርቦ፣ በአገራችን እንደ ርኩስ የሚቈጠረውን አይጥ እያረባ የሚበላ መሰላቸው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ለልጃቸው ገንዘብ ለመላክ ያለቻቸውን አንዲት ጊደር ሊሸጡ ደላላ አነጋግረዋል፤ ዶሮዎቹንም ይዘው የወጡት ስለዚሁ ነው። ከእኛ የፈለጉት ግን ደብዳቤ ነበር። «ገንዘቡም ትምህርቱም ይቅርብኝ፤ ባገሩ ጎመኑን ይብላ፤ ብለህ ጻፍልኝ» አሉን።

የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ መጻፍ ከሥራችን ልማድ ውጭ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ልጁን በስልክ ጠየቅነው። ልጁ መጀመሪያ ሣቀ፤ የእናቱን ልቅሶና የጊደሯን ነገር በሰማ ጊዜ ግን ሣቁን ትቶ አፈረ። ነገሩም እንዲህ ነው። ከሥራው ሲመለስ የሚጫወትባቸው ሦስት መርዝ የሌላቸው እባቦች አሉት፤ አይጦቹም የእባቦቹ ምግብ ናቸው። እርሱ ራሱ እንጀራውን ይበላል። እናቲቱም ይህን ሲሰሙ እፎይ ብለው አመሰገኑ፤ ጥቂት ቈይተውም፣ «አይጥ መብላቱስ ቀረልኝ፤ እባብ ከቤት ማስገባቱን ግን ምን ልበለው?» አሉ።

አንባቢዎቻችንም ይህንኑ ሳይጠይቁ አይቀሩም። በአሜሪካና በአውሮፓ አገር ውሻና ድመት እንደሚያዝ ሁሉ፣ እባብንም በመስተዋት ሣጥን የሚያኖሩ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ልጁ የያዛቸው «የበቈሎ እባብ» የሚባሉት ናቸው፤ አገራቸው የአሜሪካ ደቡባዊ ምሥራቅ ክፍል ነው። መርዝ የላቸውም፤ የያዙትን ተጠምጥመው ይገድላሉ። ስማቸውን ያገኙት በበቈሎ ጐተራ አጠገብ አይጥ ሲያድኑ ስለሚታዩ ነው ይባላል። የፎገራን ሩዝና የይፋግን ጤፍ በጐተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ የአይጥን ጥፋት ያውቃልና፣ አይጥ የሚበላ ፍጥረት ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም።

እባብ ሣር አይበላም፤ እንጀራም አይበላም፤ ሥጋም ብቻ ተቈርጦ ቢሰጡት አይበቃውም። እንስሳውን ከነአጥንቱና ከነጉበቱ እንዳለ ሲውጥ ግን አካሉ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል። ትንሹ እባብ ከ5 እስከ 7 ቀን አንድ ጊዜ፣ ያደገው ከ10 እስከ 14 ቀን አንድ ጊዜ ቢበላ ይበቃዋል። የሚሰጠውም አይጥ ከእባቡ ወገብ ውፍረት ብዙ የማይበልጥ መሆን ይገባዋል። ሕያው አይጥ መስጠት መልካም አይደለም፤ አይጡ ይጨነቃል፤ በጭንቀቱም እባቡን ነክሶ ያቈስለዋል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ የሚመክሩት አስቀድሞ የሞተውን፣ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የቈየውን አይጥ አቅልጦና አሙቆ መስጠትን ነው።

እንግዲህ ወደ እርባታው እንመለስ። ነጩ አይጥ የተለየ ፍጥረት አይደለም፤ ከቤታችን አይጥ ወገን የሆነ፣ በሰው እጅ ብዙ ትውልድ የኖረ ነው። ሴቲቱ ከ19 እስከ 21 ቀን ታረግዛለች፤ በአንድ ጊዜም ከ5 እስከ 12 ትወልዳለች። ልጆቹ ራቁታቸውንና ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ዓይናቸው ይገለጣል፤ በሦስት ሳምንት ጡት ይጥላሉ፤ በስድስት ሳምንት ገደማ እነርሱም ለመውለድ ይደርሳሉ። ስለዚህ ወንዱን ከሴቱ በጊዜው ያልለየ ሰው ቤቱ ሁሉ አይጥ ይሆንበታል። እናቲቱ በወለደች በማግሥቱ እንደ ገና ልታረግዝ ትችላለችና፣ ዕረፍት ሊሰጣት የሚወድ ሁሉ ስትቃረብ ከወንዱ ይለያታል።

በአንድ ሣጥን አንድ ወንድ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴቶች ጋራ ይቀመጣል፤ ሁለት ያደጉ ወንዶች ግን አብረው አይኖሩም፤ ይዋጋሉና። ምንጣፋቸው ሽታ የሌለው ሰጋቱራ ነው። እንደ ጥድ ያለ መዓዛው የበረታ እንጨት ሳንባቸውንና ጉበታቸውን ይጐዳል። ሽንታቸው ሲጠራቀም ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል አየር ስለሚያወጣ፣ ቢያንስ በየሳምንቱ መጠረግ ያስፈልጋል። እህል ይበላሉ፤ ነገር ግን የምታጠባ እናት ከእህል ሌላ ገንቢ ምግብ ትሻለች። ከሁሉ የሚበልጠው ውሃ ነው። ውሃ የታጣባት፣ የተራበች ወይም ዘወትር የምትታወክ እናት የገዛ ልጆቿን ትበላለች። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ክፉ አውሬ» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የአርቢው ነው።

ልጁ ሂሳቡን ሲነግረን አንድ ነገር አስተዋልን። ሦስት ሴቶች በዓመት ሰባት ሰባት ጊዜ፣ በየጊዜውም ሰባት ሰባት ቢወልዱ፣ 147 አይጦች ይሆናሉ። አንድ ያደገ እባብ ግን በዓመት ከ26 እስከ 37 አይጥ ቢበላ ነው። እንግዲህ አንድ እባብ ብቻ ላለው ሰው እርባታ ከንቱ ድካም ነው፤ በረዶ የሆነውን ከነጋዴ መግዛት ይሻለዋል። «እኔ ሦስት ስላሉኝ ነው የጀመርሁት፤ እርሱም በዝቶብኛል» ብሎናል። ያለ ልክ አርብቶ የተረፈውን መጣል ኃላፊነትን መዘንጋት ነውና፣ የሚያረባ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገውን ይቍጠር።

የሚከብደው ነገር ግን ማስተዳደሩ ሳይሆን መግደሉ ነው። አንዳንድ ሰነፎች ሕያዉን አይጥ እንዲሁ በበረዶ ቤት ይጨምሩታል፤ ይህ ረጅም ሥቃይ ስለ ሆነ በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የተወገዘ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በቅድመ ሁኔታ ከተቀበላቸው መንገዶች አንዱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር በዝግ ሣጥን ቀስ በቀስ መሙላት ነው። እንዲህ ሲሆን አይጡ ራሱን ይስታል፤ ኋላም ይሞታል። ገና የተወለዱት ግን አየር ማጣትን ስለሚታገሡ ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ መሞታቸውን ሳያረጋግጡም ማንሣት አይገባም። ይህን ለመፈጸም ልቡ ወይም ዕውቀቱ ያልደረሰ ሰው ማርባቱን ቢተው ይሻለዋል።

ለቤተ ሰብም ጤና ማሰብ ያስፈልጋል። አይጦችና እባቦች ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ ተውሳክ ሊይዙ ይችላሉ፤ በረዶም ይህን ተውሳክ አይገድለውም። ስለዚህ የአይጡ ማቀዝቀዣ ከሰው ምግብ የተለየ ይሁን፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትም አይንኳቸው። የጐተራን አይጥ ይዞ ማርባት ደግሞ በጭራሽ አይገባም፤ የሚያመጣው በሽታ የበዛ ነውና።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በአይጥ እርባታ ስለ ታወቀች አንዲት ሴት ጥቂት እንንገረው። አቢ ላትሮፕ የተባለች አስቀድሞ አስተማሪ የነበረች ሴት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ገደማ በማሳቹሴትስ ክፍል በግራንቢ መንደር፣ ለጨዋታ የሚሸጡ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው አይጦች ማርባት ጀመረች። የእያንዳንዱንም ትውልድ በጥንቃቄ በመዝገብ ትጽፍ ነበር። ሊቃውንት የዘርና የነቀርሳ ምርምር ሲጀምሩ ከእርስዋ አይጦች ይገዙ ነበር፤ እርስዋም ራስዋ ስለ ነቀርሳ በተደረገው ምርምር ተካፈለች። በ1918 ዓ.ም. ሞተች፤ ዛሬ በዓለም ምርመራ ቤቶች እጅግ ከሚሠራባቸው የአይጥ ዘሮች አንዱ የመጣው ከእርስዋ ቤት ነው። ሩቅ አገር ሳንሄድ፣ ከእኛ በስተ ሰሜን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ያገራችንን ዕፀዋት ለወባና ለሌላ በሽታ ይጠቅሙ እንደ ሆነ የሚፈትኑት በነጭ አይጦች ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ያነበበ ጎልማሳ ነገ ወደ ዱር ወጥቶ እባብ እንዲይዝ አንፈልግም። ባገራችን እፉኝትን የመሰሉ ነፍሰ ገዳዮች አሉ፤ መርዝ ያለውን ከሌለው መለየትም ለብዙ ሰው የሚያስቸግር ነው። ደግሞም ያገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

እነሆ፣ እኛ ይህን ሁሉ ለእናቲቱ ስናስረዳ ብዙ ሰዓት አለፈ። ሊሄዱ ሲነሡ ከደጃፉ የተጣሉት ዶሮዎች በፀሐይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ አየን። እናቲቱም አይተው ዝም አሉ፤ ኋላም፣ «እርሱ ለአይጥ ውሃ ይሰጣል፤ እኔ ግን ጧት እህል የበተንሁላቸውን ዶሮዎች ዘቅዝቄ አመጣኋቸው» አሉ። እኛም ከዚህ በፊት ስንት ዶሮ ለበዓል እንዲሁ አንጠልጥለን ወደ ቤታችን እንደ ገባን አስበን አፈርን። ውሃ በጣሳ አቀረብንላቸው፤ እስራታቸውም ተፈታ።

ወፍ ሁሉ እንደ ሰው ደረቱን ከሆዱ የሚለይ የመተንፈሻ ጅማት የለውም። ቁልቁል ሲንጠለጠል የሆድ ዕቃው በመተንፈሻው ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ እስከ ገበያ የሚደረገው መንገድ ሁሉ ትንፋሽ ማጠር ነው። ወጪ የማይጠይቅ መላ አለ። ዶሮን ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት፣ ሳያጨናንቁ፣ ቀና አድርጎ መያዝ፤ ሳይነሡና እንደ ደረሱ ውሃ ማጠጣት፤ በገበያም ከጥላ ማኖር። በግና ፍየልም እንዲሁ በመኪና ጣሪያ ላይ ተጠፍረው ሊወሰዱ አይገባም። ለመታረድ የተቀመጠ እንስሳ ስለሚሞት ብቻ ሥቃዩ አይቀልለትም። ያረባነው ለእኛ ጥቅም ስለ ሆነ፣ እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ድረስ ምግቡና ውሃው፣ አሟሟቱም በእኛ ላይ ያለ ዕዳ ነው። አይጡም፣ ዶሮውም፣ በሬውም በዚህ አንድ ናቸው።

ጊደሯ አልተሸጠችም። ደብዳቤውንም ጻፍን፤ ቃሉ ግን መጀመሪያ ካሰቡት የተለየ ነበር። እናቲቱ እንዲህ ብለው አጻፉን። «አይጦቹን ውሃ አታስጠማቸው። ስትገድልም አታሠቃይ። እባቦቹን ከመኝታህ አርቃቸው። ከእንግዲህ ወዲህ ፎቶግራፍ ስትልክልኝ ደግሞ፣ የሚበላው ማን እንደ ሆነ ለይተህ ጻፍልኝ።»