ለጋቢና ጋቢ አይበቃውም?

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር አይደለም። (“ትታኝ ሄደች” ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ልጆች ታገሡኝ፣ አልረሳኋችሁም።) ጠያቂያችን 24 ዓመቱ ነው። የሚነዳው የአባቱን ፊያት ኤንትሬ ነው። አዎ፣ ያንን አቀበት ላይ ድምፁ ከሩቅ የሚታወቀውን ሽማግሌ መኪና! ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

“ከአዲስ አበባ ደሴ እህል እጭናለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን አመሸን። የአልጋ ላለመክፈል ከረዳቴ ጋር ጋቢና ውስጥ ተኛን። ብርዱ ሲጠናብን ረዳቴ ቡና ያፈላንበትን ከሰል ‘ጭሱ አልቋል፣ ፍም ሆኗል’ ብሎ አስገባው። ሌሊት ሽንቴ ቀሰቀሰኝ። በሩን ከፍቼ ስወርድ እግሬ አልታዘዝ አለኝና ወደቅሁ። ረዳቴን ብጠራው መልስ የለም። ጎትቼ አወጣሁት። ሲያስመልሰው አደረ። አባቴ ‘ብርድ ነው የመታችሁ’ አሉኝ። አሁን ማሞቂያ ልገጥም ነው። አንዱ ጓደኛዬ የኤሌክትሪክ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው በናፍጣ የሚሰራውን የቻይና ይለኛል። አባቴ ደግሞ ‘ለጋቢና ጋቢ ይበቃዋል፣ መኪናዬን አትብሳ’ ብለዋል። የቱን ልስማ?”

ወንድሜ፣ ብርድ አይደለም የመታችሁ። ከሰሉ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ከዚያ እንቅልፍ... እንቅልፉ ነው ክፉው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ድሮም ስስ ነው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድንም። ያን ሌሊት ያዳነህ ሽንትህ ነው ብልህ እንዳትቀየመኝ። ረዳትህን እስካሁን ራሱን የሚያመው ወይም ነገር የሚረሳ ከሆነ ሐኪም ይየው፤ ያደረበትንም ይንገር።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ይሄን ነገር ከሚያውቁት ጋር ብዙ ተከራክሬበታለሁ።

የኤሌክትሪኩን እርሳው። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ብዙውን ጊዜ 150 ዋት ነው። እናትህ እንጀራ የሚጋግሩበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። እንግዲህ የምጣዱን አንድ ሃያኛ በማይሞላ ሙቀት የኤንትሬን ጋቢና ልታሞቅ? እጅህን ታሞቅበት ይሆናል። ሞተር አጥፍተህ ካደርክበት ደግሞ ጠዋት ባትሪህ ሞቶ ገፊ ትፈልጋለህ። የመኪናህ ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ከሆነ ለ12 የተሰራውን ስትሰካ ያቃጥለዋል።

የናፍጣው ቀልድ አይደለም፤ ጥሩ ነገር ነው። ጀርመኖቹ እነ ቬባስቶና ኤበርሽፔሸር የታወቁበት ነው፣ ቻይና ደግሞ በርካሽ አስመስላ ትሰራዋለች። 2 ኪሎ ዋቱ ቢበዛ በሰዓት ሩብ ሊትር ቢጠጣ ነው። ሞተር ጠፍቶም ይሰራል። ታዲያ ምን ችግር አለው? ከፍታ! ብዙዎቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ለረጅም ሰዓት ሲሰሩ የከፍታ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ሲሆን ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ውስጡ ጥላሸት ይሞላል፣ ያ የምፈራው ጋዝም ይበዛል። የጭሱ ቱቦ ከጋቢናው ውጭ ርቆ ካልወጣ ከሰሉን በሌላ ስም መልሰህ አስገባኸው ማለት ነው። “ከፍታ ላይ ይስተካከላል ወይ?” ብለህ ሻጩን ጠይቀው። ዓይኑ ከፈጠጠ ተወው።

እኔን ከሰማኸኝ በሞተሩ ውሃ የሚሰራውን ግጠም። ሞተርህ ከሚያቃጥለው ናፍጣ ትልቁ ክፍል ሙቀት ሆኖ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። ይሄኛው ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተርና ከኋላው የምትነፋ ቬንትሌተር ነው፣ አለቀ። የሞቀ ውሃ ከቴስታታው በኩል ይወጣል፣ ራዲያተሯን አልፎ ወደ ውሃ ፖምፓው ይመለሳል። በሞቃት ወቅት የምትዘጋው ቧንቧ መሃል ላይ ይግባበት። ከተፈታ መኪና የወጣ አሮጌ ብታገኝም አይከፋም፤ ግን ውሃ ሞልተህ በአየር ግፊት ሳታስፈትነው ብር እንዳትከፍል። ሲያንጠባጥብ እግርህ ላይ ነው የሚያንጠባጥበው፣ ያውም የፈላ! የሞተሯም ቮልት ከመኪናው ጋር አንድ ይሁን። (መኪናችሁ እንደ ድሮዎቹ ዶይች በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይሄ ምክር ለእናንተ አይሆንም።)

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። “መኪናው እንዳይሞቅብህ” እያሉ ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ብርድ ላይ 80 ዲግሪ መድረስ ያቅተዋል። ማሞቂያህ ለብ ያለ ነገር ይተነፍስብህና “አሮጌ ሸጠውብኝ” ብለህ ሰው ታማለህ። መጀመሪያ ቴርሞስታቱ መኖሩን አይ። ከወንዝ እየቀዳህ የምትሞላውን ውሃም ተው፣ ዝገቱና ደለሉ ያቺን ትንሽ ራዲያተር ይደፍናታል። ደግሞ ከመግጠምህ በፊት ከሞተሩ እስከ ማርሚታው የጭስ መስመሩ የተቀደደ እንዳይኖረው አስፈትሽ።

ሞተር ሲጠፋስ? ያኔማ ይሄም ይጠፋል። ሞተር አስነስቶ መተኛት ደግሞ የከሰሉ ታናሽ ወንድም ነው፣ አይሞከርም። ለመኝታ ብርድ ልብስ ደርብ፣ ወይም የአልጋውን ክፈል። ረዳትህንም ጭምር! እሱ “አልጋ ክፈልልኝ” ብሎ ሊጠይቅህ አይደፍርም፣ ታውቃለህ።

የቀሩት አባትህ ናቸው። “ብርድ ብርድ አለኝ” ብለህ እንዳትሄድባቸው፣ ይስቁብሃል። እሳቸው በዚያ መንገድ በጋቢ ኖረዋል። ስለ መስታወቱ ንገራቸው። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ፣ ጣልያን በቆፈረው ዋሻ ስታልፉ መስታወቱ ከውስጥ ይደክማል፤ አንድ እጅ መሪ፣ አንድ እጅ ጨርቅ። ስንቴ እንደጠረጉት እሳቸው ያውቁታል። የማሞቂያው አንዱ አፍ ወደ መስታወቱ ከዞረ ጨርቁ ይቀራል። አቀበት ላይ ሞተሩ ሲግል ደግሞ ማሞቂያውን ብትከፍተው ትንሽ ያበርደዋል፣ ሁለተኛ ራዲያተር ነዋ። ይሄን ሲሰሙ ጆሯቸውን የሚሰጡህ ይመስለኛል። ለመብሳቱም፣ ከክሩስኮቶው ሥር ድሮ በነበረ ቡሎን ላይ በብረት ማሰሪያ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ለቱቦዎቹ ግን ሁለት ቀዳዳ አይቀርም። ቀዳዳውን የት እንደሚበሳ ራሳቸው ይምረጡልህ። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ።