ከብሉምፊልድ ሮድ እስከ ሃይበሪ በእግር

ብላክፑል ሲባል የአዲስ አበባ ኳስ ተመልካች ትዝ የሚለው የ2010/11 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ነው። ብርቱካናማው ማሊያ፣ የቻርሊ አዳም ግራ እግር፣ የአሰልጣኝ ኢያን ሆሎዌይ ቀልድ፣ ሊቨርፑልን በደርሶ መልስ 2 ለ 1 እና 2 ለ 1 መርታት። 55 ጎል አግብቶ 78 የተቆጠረበት ያ ቡድን በመጨረሻው ቀን ኦልድትራፎርድ ላይ 4 ለ 2 ተሸንፎ ወረደ። በየዲኤስቲቪ ቤቱ «ምናለ አንድ ዓመት እንኳ በቆዩ» ያለው ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ወደዚያች ከተማ ዞር ብሎም አላየ።

ካሜራው ያኔም ቢሆን ያላሳየው ነገር አለ። ከብሉምፊልድ ሮድ ስታዲየም ወጥቶ ወደ ምዕራብ አስር ደቂቃ ገደማ የተራመደ ሰው አይሪሽ ባሕር ላይ ይደርሳል። እዚያም ከደቡብ ከስታር ጌት ተነስቶ በብላክፑል፣ በቢስፐምና በክሊቭሊስ አድርጎ እስከ ፍሊትውድ የሚዘልቅ የተነጠፈ የባሕር ዳር የእግር መንገድ ያገኛል። ጫፍ እስከ ጫፍ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚያ አካባቢ ትልቁ የስፖርት ሜዳ ይኸው መንገድ ነው እንጂ ስታዲየሙ አይደለም። ሁለቱ ክለቦች ግን ገና በሚገባው ልክ አልተጫወቱበትም።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሰር ስታንሊ ማቲውስ ብላክፑል በነበረበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት በዚያው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ይሮጥ ነበር። በ1953 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ብላክፑል 3 ለ 1 ከመመራት ተነስቶ ቦልተንን 4 ለ 3 ሲረታ ሐትሪክ የሠራው ሞርተንሰን ነው፤ ጨዋታው ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በማቲውስ ስም ነው። ሰውየው ያኔ 38 ዓመቱ ነበር። በ1956 የመጀመሪያውን ባሎንዶር ሲወስድ 41፣ በ1965 ለስቶክ ሲቲ የመጨረሻ የሊግ ጨዋታውን ሲያደርግ ደግሞ 50 ሞልቶት ነበር። ጂም የለ፣ ማሽን የለ፤ ባሕር ዳር ብቻ!

አሁን ደግሞ እንደ ማቲውስ አሸዋ ውስጥ መስመጥም አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ንጣፉ ነው። የተራራ መንገድ ሰው ይመርጣል፣ ጉልበት ያለውን ብቻ ያሳልፋል። የተነጠፈ መንገድ ግን ሕፃን በጋሪ የምትገፋውን እናት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውንም፣ ጉልበቱ የደከመውን የቀድሞ ተከላካይም እኩል ያስተናግዳል። ትኬት የለ፣ ቪ.አይ.ፒ. የለ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚሄድ ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ገፋ ያደርጋል። በስተቀኝ በ1894 የተከፈተው 158 ሜትር ታወር ቆሟል፤ በስተግራ ሦስቱ ፒሮች ወደ ባሕሩ ዘልቀው ገብተዋል። ከቢስፐም በኋላ ጫጫታው ይቀንስና የሚሰማው ማዕበሉና የትራሙ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ታዲያ መንገዱ ለሽርሽር ብቻ የተሠራ እንዳይመስል። ከሥሩ ያለው ኮንክሪት ከተሞቹን ከባሕር የሚጠብቅ ግንብ ነው። ፍሊትውድ በ1927 በጎርፍ ተጥለቅልቃ ሰው ሞቶባታል። ከክሊቭሊስ በላይ ሮሳል ላይ በ2018 የተጠናቀቀው አዲሱ መከላከያ 63 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቷል። ማንቸስተር ሲቲ በ2021 ጃክ ግሪሊሽን የገዛው በ100 ሚሊዮን ነው። ግሪሊሽ ጥሩ ተጫዋች ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን በእሱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛ በማይሞላ ገንዘብ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከባሕር ተጠብቀዋል፤ ከላዩም ሕዝብ በነፃ ይራመድበታል።

ልብ የሚሰብረው ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ደጃፏ ላይ የተነጠፈላት ብላክፑል ከእንግሊዝ ወረዳዎች ሁሉ ወንዶቿ ቶሎ የሚሞቱባት ናት። ከ2020 እስከ 2022 ባለው የመንግሥት ስታቲስቲክስ መሠረት የወንዶች አማካይ ዕድሜ 73 ዓመት ገደማ ነው፤ በደቡብ እንግሊዝ ካለችው ሃርት ወረዳ በ10 ዓመት ያነሰ። ድህነቱ፣ ሲጋራው፣ መጠጡ፣ የተጎሳቆለው ቤት ሁሉ ተደምሮ ነው። መራመድ ይህን ሁሉ ይፈታል የሚል ካለ እሱ ከተማዋን አያውቅም። ቢሆንም መንገዱ ላይ በብዛት የሚታየው ለእረፍት የመጣ እንግዳ ሆኖ፣ ከኋላ ባሉት ሰፈሮች የሚኖረው ሰው ቤቱ ሲቀመጥ ዝም ማለትም አይቻልም።

«ለመራመድ ደግሞ ክለብ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ያደርጋል እንጂ! የብላክፑል ደጋፊ በኦይስተን ቤተሰብ አስተዳደር ተማሮ ለዓመታት ስታዲየም አልገባም ብሎ አድማ መታ። በ2017 ፍርድ ቤት ባለቤቶቹ የክለቡን ገንዘብ ያለአግባብ አውጥተዋል ብሎ ፈረደ። ቤተሰቡ ከክለቡ እጁን ሲያነሳ መጋቢት 9 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ከሳውዝኤንድ ጋር 2 ለ 2 በተጠናቀቀው ጨዋታ ከ15 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተመለሰ። «አትግቡ» ሲባል በአንድ ልብ የቆመ ደጋፊ «በእግር እንሂድ» ቢባል እምቢ ይላል?

አጋጣሚው ደግሞ አለ። የመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ፍሊትውድ ታውን ይገኛል። ከአይስላንድ ጋር የተደረገው የዓሣ ጦርነት በ1976 ካበቃ በኋላ የጥልቅ ባሕር አሣ ማጥመዱ የከሰመባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ክለብ ነው። ሜዳው ሃይበሪ ይባላል። (የአርሰናል ደጋፊ ልቡ አይምታ፣ ስም ብቻ ነው።) ጄሚ ቫርዲ በ2011/12 ለዚህ ክለብ 31 የሊግ ጎል አግብቶ ነው ወደ ሌስተር የሄደው። በዚያው ዘመን ጥር ወር ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች በኤፍ ኤ ካፕ ሃይበሪ ላይ ተገናኝተው ብላክፑል 5 ለ 1 ሲያሸንፍ የፍሊትውድን ብቸኛ ጎል ያገባውም ቫርዲ ነበር። በ2024 ፍሊትውድ ወደ ሊግ ቱ ሲወርድ የሊጉ ደርቢ ተቋረጠ፤ ሊግ ባያገናኛቸውም ግን ዋንጫና የወዳጅነት ጨዋታ አለ።

እንግዲህ ክለቦቹ ማድረግ ያለባቸው ቀላል ነው። በደርቢ ቀን እንግዳው ደጋፊ በአውቶቡስ ተጭኖ ከመምጣት ይልቅ ጠዋት ከራሱ ሜዳ ተነስቶ ባሕሩን ተከትሎ በእግሩ ይምጣ፤ በእግሩ ለመጣ ትኬቱ ይቀነስለት፤ አስተናጋጁ ክለብም ሻይ ይዞ ይጠብቀው። የሰፈሩ ሽማግሌም ግማሽ መንገድ ድረስ ቢሸኝ ያው ግማሽ መንገድ ተራመደ ማለት ነው። ከብሉምፊልድ ሮድ እስከ ሃይበሪ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገድ ላይ ለደከመው ትራሙ አለለት።