ካርታው ከመቅለሙ በፊት፦ የሞዴል ውጤትን ወደ ምስል የሚለውጡ ትእዛዞች የመመረቂያ ጽሑፍ አካል ሊሆኑ ይገባል

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከእርሷ አንሥቶ እስከ መተማ ዮሐንስ የሱዳንን ድንበር ተከትሎ የተዘረጋው ቆላ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ ይታወቃል። ሰሊጥ ውኃ የተኛበትን መሬት አይታገሥም፤ ከተዘራ በኋላ ዝናቡ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠም ቡቃያው ይሳሳል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ አራሽ ዋናው ጥያቄ በክረምቱ በጠቅላላው ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ የሚለው ብቻ አይደለም፤ መቼ፣ በስንት ቀን ተከፋፍሎና በምን ያህል የደረቅ ቀን ልዩነት ዘነበ የሚለው ጭምር ነው።

የመለኪያ ጣቢያዎች በተራራቁበት በእንዲህ ያለ ቆላ ተመራማሪው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከአየር ንብረት ሞዴሎች ነው። የሞዴሉ ውጤት የሚገኘው ኔትሲዲኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የሚታተመው ግን ባለ ቀለም ካርታ ነው። በፋይሉና በካርታው መካከል ያለው ሥራ፣ ማለትም አካባቢውን ቆርጦ ማውጣት፣ መለኪያውን መለወጥ፣ ቀናትን መደመርና ፍርግርጉን እንደገና ማስላት፣ «መረጃው ተስተካክሎ ቀረበ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል፤ ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱ መልሱን ሊለውጥ የሚችል ሳይንሳዊ ውሳኔ ነውና።

ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በሐምቡርግ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የሜትሮሎጂ ተቋም የተሠራው ሲዲኦ ነው። ያለ ክፍያ የሚገኝ፣ ከ600 በላይ ተግባራትን የያዘና በትእዛዝ መስመር የሚሠራ መሣሪያ ነው። ተጠቃሚው የተግባሩን ስም፣ የመነሻውን ፋይልና የመድረሻውን ፋይል በአንድ መስመር ይጽፋል፤ የተለያዩ ተግባራትንም በሰንሰለት ማያያዝ ይችላል። መሣሪያው የተሰጠውን ትእዛዝ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በውጤቱ ፋይል ራስጌ ላይ ይመዘግባል። ፋይሉ ወደ ምስል በተለወጠ ጊዜ ግን ያ መዝገብ አብሮ አይሄድም። አንባቢው የሚያየው ቀለሙን እንጂ መንገዱን አይደለም።

የመንገዱን ክብደት ለማሳየት ጥቂት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የመለኪያና የሰዓት ጉዳይ ነው። በኮርዴክስ የአፍሪካ ሲሙሌሽኖች ዝናብ የሚመዘገበው በሰከንድ በአንድ ካሬ ሜትር በሚወርድ ኪሎ ግራም ነው፤ የቀን ሚሊ ሜትር ለማግኘት በ86,400 ማባዛት ያሻል። ኢአርኤ5 የተባለው መረጃ ግን ዝናብን በሜትር ስለሚሰጥ የሚባዛው በ1,000 ነው። በተጨማሪም የሞዴሉ ቀን በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲቆጠር የሚጀምረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በአንጻሩ ቀኑን የሚቆጥረው ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጧት 3 ሰዓት ነው። ጎሕ ሲቀድ የወረደ ዝናብ በአንዱ መዝገብ ለዛሬ፣ በሌላው ለትናንት ይጻፋል። ይህን ሳያስተካክል ሞዴሉን ከጣቢያው ጋር ያነጻጸረ ሰው የሞዴሉ ያልሆነውን ስሕተት በሞዴሉ ላይ ይጭናል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሃድጄም2-ኢኤስ የተባለው የብሪታንያ ሞዴል ዓመቱን በ360 ቀን ይቆጥራል፤ 12ቱም ወራት ባለ 30 ቀን ናቸው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ቀላል ነው፤ ጳጉሜ የሌለበት ዓመት ማለት ነው። ይህን ፋይል እንደ ተራው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚያነብ ፕሮግራም በየዓመቱ ከ5 ቀን በላይ ይስታል፤ በ30 ዓመት ስሕተቱ ወደ 157 ቀን ይደርሳል። ያን ጊዜ የሐምሌ አጋማሽ ዝናብ በካርታው ላይ በየካቲት መጀመሪያ የወረደ ይመስላል።

ሦስተኛው የፍርግርጉ ጉዳይ ነው። በኮርዴክስ የ0.44 ዲግሪ ፍርግርግ አንዱ ካሬ በዚህ አካባቢ ከ2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መሬት ይሸፍናል፤ ለዚያ ሁሉ መሬት በአንድ ጊዜ የሚሰጠውም አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ያው መረጃ ወደ 0.05 ዲግሪ ሲቀየር አንዱ ካሬ ከ70 በላይ ትናንሽ ካሬዎች ይሆናል። ባይሊኒየር የሚባለው ስሌት በካሬዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት አለስልሶ ስለሚሞላው ካርታው ቀበሌን ከቀበሌ የሚለይ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ በቆላውና በጎንደር ደጋ መካከል ያለውን ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ የከፍታ ልዩነት ስሌቱ አያውቀውም። ምስሉ አምሯል፤ ዕውቀቱ ግን አልጨመረም። በተገላቢጦሽም ደቃቁን ፍርግርግ ወደ ሰፊው ለማምጣት ባይሊኒየርን መጠቀም በአቅራቢያው ያሉትን አራት ነጥቦች ብቻ ወስዶ ሌሎቹን መተው ነው፤ ለዝናብ የሚስማማው የአካባቢውን ጠቅላላ መጠን የሚጠብቀው ስሌት ነው።

አራተኛው የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካሬዎች ይታሰቡ። በሦስት ቀን ውስጥ በአንደኛው በመጀመሪያው ቀን ብቻ፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ብቻ 12 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል። በየካሬው የዝናብ ቀን ተቆጥሮ አማካዩ ቢወሰድ አንድ ቀን ይሆናል፤ አስቀድሞ የሁለቱ አማካይ ተወስዶ ቢቆጠር ግን ሁለት የዝናብ ቀን ይገኛል። የዝናቡ መቋረጥም ከሁለት ቀን ወደ አንድ ያጥራል። ጠቅላላው መጠን አልተነካም፤ ለሰሊጡ ቡቃያ የሚጠቅመው ቁጥር ግን ተለወጠ።

ይህን ሁሉ እንደ ፓኖፕሊ ባሉ በመዳፊት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ማከናወን ይቀላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እነዚህ መሣሪያዎች መረጃን ለመመርመር በእጅጉ ይረዳሉ፤ መናቅም አይገባቸውም። ነገር ግን በመዳፊት የተደረገ ምርጫ በተለይ ካልተመዘገበ ለፈታኙም ለተከታዩ ተማሪም አይተላለፍም። የትእዛዝ መስመር ከስሕተት አይጠብቅም፤ የተሳሳተ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ መቶ ፋይል ያበላሻል። ልዩነቱ ስሕተቱ ተጽፎ መገኘቱ ነው፤ የተጻፈ ስሕተት ይታያል፣ ይታረማልም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጡበት ቦታ ደግሞ ጥቂት ኪሎ ባይት የሆነ የትእዛዝ ጽሑፍ ከብዙ ጊጋ ባይት ፋይል ይልቅ በቀላሉ ይላካል፤ ሥራውም በተቋረጠ ጊዜ እንደገና ይካሄዳል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች ሦስት ነገሮችን ቢደነግጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱን ካርታ ያስገኙት ትእዛዞች ከመሣሪያው የሥሪት ቁጥር ጋር በአባሪ ይታተሙ። ሁለተኛ፣ በካርታው ግርጌ የሞዴሉ የመነሻ ፍርግርግ ስፋትና የተመረጠው የስሌት ዘዴ ይጠቀሱ። ሦስተኛ፣ ፈታኞች ቢያንስ አንድ ካርታ ከመነሻው ፋይል እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ። ለተማሪው የሚጨመረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ትእዛዞቹን ቀድሞውኑ ጽፏቸዋልና።

ካርታ ከመመረቂያ ጽሑፍ ወጥቶ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ማንም ስለ ፍርግርግ አይጠይቅም፤ የሚታየው ቀለሙ ነው። በዚያ ቀለም ላይ ተመሥርቶ የመዝሪያ ቀን ሊመከር፣ ዘር መሬት ሊገባ ይችላል። ምክሩ ባይሠምር ኪሳራው የሚያርፈው በአራሹ ላይ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በምን መንገድ ቀለም እንደሆነ ማሳየት የተመራማሪው ግዴታ ነው።