ሕመሙ ጠፋ ማለት ጉዳቱ ዳነ ማለት አይደለም

እሁድ ማለዳ በየሠፈሩ ሜዳና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ማልያ ለብሰው ኳስ የሚጫወቱ ጎልማሶችን ማየት የተለመደ ሆኗል። «የጤና ቡድን» ይባላሉ። ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና የቢሮ ሠራተኛው አብረው ይሮጣሉ፤ ከጨዋታው በኋላም ቁጭ ብለው ሻይ ቡና ይላሉ። እንደ ሐኪም ይህን ልማድ አጥብቄ እደግፋለሁ። የደም ግፊትን፣ የስኳር ሕመምንና ጭንቀትን ለመከላከል እንዲህ ያለ ርካሽ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

ይሁንና ሰኞ ጠዋት ወደ ሕክምና ከሚመጡት መካከል እሁድን ሜዳ ላይ ያሳለፉ ሰዎች አይጠፉም። ከእነዚህም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ወይም ያንኑ ጉልበት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ሰው ነው። «ባለፈው በደንብ አገግመው ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «አዎ፣ ሕመሙ እኮ ጠፍቶ ነበር!»

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሕመም መጥፋትና የአካል መዳን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እግር ወለም ሲል የሚጎዳው አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። በዚህ ጅማት ውስጥ እግራችን በምን አቅጣጫ እንዳለ በየቅጽበቱ ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮች አሉ። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ሊሟሽሽ፣ ሕመሙም ሊቀር ይችላል። ነርቮቹ ግን መልዕክታቸውን በፍጥነት ማድረስ ካልቻሉ ተጫዋቹ ጎርበጥ ያለ መሬት ሲረግጥ ጡንቻዎቹ ሳይደርሱለት እግሩ ይታጠፋል። በዚህ ላይ ሳይሠራ የከረመ ጡንቻ ይሳሳል። ሰውየውም ሳያውቀው ጤነኛውን እግር አብዝቶ መጠቀም ይለምዳል።

ስለዚህ ከጉዳት የሚመለስ ሰው የሚያስፈልገው ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ እንቅስቃሴውን እንደ አዲስ መማርም አለበት። ወገቡን የተጎዳ የጎልፍ ተጫዋች ዱላውን እንዴት እንደሚያወናጭፍ፣ ትከሻውን የታመመ የመረብ ኳስ ተጫዋች እንዴት እንደሚመታ፣ ጉልበቱን የተጎዳ እግር ኳስ ተጫዋች ደግሞ ዘሎ እንዴት እንደሚያርፍ ዳግም መማር ይኖርባቸዋል። ትምህርት ካለ ደግሞ አስተማሪ ያስፈልጋል። አስተማሪውን መምረጥም የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ክፍያው አይከብድም፣ በማኅበረሰቡም ይታመናል። ይህን በመናቅ የሚገኝ ጥቅም የለም። ነገር ግን ገና ያበጠን ቦታ በኃይል ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በዚህ ሳቢያ እጅና እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሱ ወገኖች በአገራችን ሆስፒታሎች ታክመዋል። ስብራት መኖር አለመኖሩንም በእጅ ዳሰሳ ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ከጉዳቱ በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ካቃትዎት ወይም በቁርጭምጭሚትዎ ግራና ቀኝ ያለው የአጥንት ጉብታ ሲነካ የሚያምዎት ከሆነ በቅድሚያ ራጅ ይነሡ። ጉልበትዎ ሲጎዳ «ቷ» የሚል ድምፅ ከሰሙና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠም ሐኪም ሳያይዎት ሜዳ አይርገጡ።

ስብራት እንደሌለ ከታወቀና እብጠቱ ከቀነሰ በኋላ የሚያሠራዎትን ሰው በምን ይመርጡታል? የተመሰከረለት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢሆን ይመረጣል። የጂም ወይም የቡድን አሠልጣኝ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቅዎትን ያዳምጡ። ምን እንደተጎዳ፣ መቼ እንደተጎዳ፣ ሐኪም ምን እንዳለ ሳይጠይቅ ክብደት የሚያሸክምዎትን ሰው ይተዉት። ጤነኛውንና የተጎዳውን እግር ሳያወዳድር «ደህና ነህ» የሚልዎትንም እንዲሁ። «በሁለት ሳምንት ወደ ጨዋታ እመልስሃለሁ» ብሎ ቀን የሚቆርጥልዎት ሰው ደግሞ ቃል እየገባ ያለው በማያውቀው ነገር ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ማለት «ዛሬ ይበቃል» ማለት የሚችል ነው።

ልምምዱ ደረጃ አለው። ለቁርጭምጭሚት ጉዳት መጀመሪያ ሳያነክሱ መራመድ፤ ቀጥሎ በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ሳይወዛወዙ መቆም፤ ከዚያ በአንድ እግር ጣት ላይ ደጋግሞ መነሣት ይመጣል። ይህ ከጤነኛው እግር ጋር ሲስተካከል በቀጥታ መስመር ሶምሶማ፣ ከዚያ ዝላይ፣ ከዚያም በፍጥነት አቅጣጫ መቀየር ይከተላል። የቡድን ጨዋታ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በልምምድ ወቅት መጠነኛ ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም። በማግስቱ ጠዋት ግን እብጠት ካለ ወይም ሕመሙ ከነበረበት ከባሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አንድ ሳምንት ለማትረፍ የሮጠ ሰው ወራት ሊያጣ ይችላል።

የጉልበት ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። የፊተኛው የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላውና የጭን ጡንቻው ጥንካሬ ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ ሳይደርስ ወደ እግር ኳስ ባይመለስ ይመከራል። ቀድሞ መመለስ ለዳግም ጉዳት የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል።

ትልልቅ አትሌቶችም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ቀነኒሳ በቀለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በርሊን ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በባት ጡንቻ ጉዳት አብዛኛው የ2010 የውድድር ዓመት አመለጠው። በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ሲመለስም የ10 ሺህ ሜትር ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ያ የታሪኩ መጨረሻ አልነበረም፤ በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2፡01፡41 ሲያሸንፍ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የራቀው በ2 ሰከንድ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጊዜ ካስፈለገው፣ ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ እሁድን ብቻ ለሚሮጠው ለእኛ እንዴት አያስፈልግም?

«ለፊዚዮቴራፒ ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍሎች አሉ። በየቀኑ መመላለስም ግድ ላይሆን ይችላል፤ ልምምዱን በሚገባ ተምሮ ቤት ውስጥ በግድግዳ፣ በደረጃና በፎጣ መሥራት፣ በቀጠሮ ቀን ደግሞ ማሳየት ይቻላል። በሌላ በኩል ሹፌር ጉልበቱ ሲጎዳ፣ የቀን ሠራተኛ እግሩ ሲታሰር የሚቀረው ኳሱ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ እንጀራም ነው። ሒሳቡ መሠራት ያለበት ይህን ጨምሮ ነው።

የጤና ቡድኖችም ድርሻ አላቸው። ለማልያና ለዓመት በዓል የሚያዋጣ ቡድን በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ጋብዞ ትክክለኛ ማሟሟቂያ ቢማር አይከብደውም። ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተሰኘው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይወስዳል፤ ከኳስ በቀር ይህ ነው የሚባል መሣሪያም አይጠይቅም። በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲሠራ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተጎዳን ጓደኛ «ሰው ጎድሎናል፣ ግባ» ብሎ መጎትጎት ይቅር። ገና ላልዳነ ባልንጀራ የሚሻለው ከሜዳው ዳር ወንበር ሰጥቶ፣ ሻዩን አብሮ ጠጥቶ፣ በደንብ ሲድን እንዲመለስ መጠበቅ ነው።