ከጸበሉ ወደ ትምህርት ቤቱ



ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ በጾምና በጸሎት የቆየው የሱባኤ ወቅት ዛሬ ተፈጽሟል። በዚህ ወቅት ከከተማውም ከገጠሩም ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚወጣው ምእመን መካከል ማየት የተሳናቸውን ልጆቻቸውን አዝለው ወይም እጃቸውን ይዘው ዳገቱን የሚወጡ ወላጆች ይገኙበታል። ከሩቅ ገጠር ተነሥተው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ የዘመድ ደጅ ጠንተው የሚመጡ ናቸው። እምነታቸውም ድካማቸውም ይከበራል። እኛ በዛሬው በዓል ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ግን ሱባኤው ካለቀ በኋላ ያለውን ይመለከታል፤ ይኸውም ዓይናቸው ያልበራላቸው ልጆች ከዚህ ወዴት ይሄዳሉ? የሚል ነው።

አንዳንዱ ወደ መንደሩ ተመልሶ ከምድጃ ዳር ይቀመጣል። እኩዮቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡና ሲገቡ ኮቴያቸውን ይሰማል። ሌላው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀርና የቤተሰቡ መተዳደሪያ ይሆናል። በበዓል ቀን ሳንቲም ጣል አድርገንለት የምናልፈው ልጅ ዕድሜው ለትምህርት የደረሰ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ እንላለን? ምጽዋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁን በዚያው ደጃፍ ለዓመታት የሚያስቀምጠው ያው ምጽዋት ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

ይህን መሰሉ ጥያቄ በዚሁ ተራራ ላይ ሲነሣ የመጀመሪያው አይደለም። የኤች አይ ቪ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ጸበል በብዛት ይወጡ በነበረበት ዘመን፣ መድኃኒት መውሰድ እምነትን ማጉደል የመሰላቸው ብዙዎች ከሕክምና ርቀው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ መሆናቸውን ለምእመናን በይፋ አስገነዘቡ። ለጸበልና ለመድኃኒት የተባለው ለጸበልና ለትምህርት የማይባልበት ምክንያት አይታየንም። ልጁ እየተጠመቀ ይማር፤ እየተማረም ይጠመቅ።

እንዲያውም ዓይነ ስውርን ማስተማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም ከሣቴ ብርሃን ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ በእስክንድርያ ለነበረው ታላቅ የትምህርት ቤት መምህር አድርጎ የሾመው ዲዲሞስን ነበር። ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ የጠፋበት ሲሆን፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በእጁ እየዳሰሰ ማንበብ እንደተማረ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ይህም ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1824 ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ባለ ስድስት ነጥቡን ጽሑፍ ከመፍጠሩ 15 መቶ ዓመት ግድም ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በሀገራችንም በዜማውና በቅኔው ጉባኤ ዓይነ ስውር ተማሪ ከዓይናማው እኩል ተቀምጧል፤ መሪጌታ ሆኖም አስተምሯል። ትምህርቱ በቃል የሚወረድና በጆሮ የሚጠና በመሆኑ በሩ ክፍት ነበር። በሩ የጠበበው ሁሉም ነገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ነው።

ያም ቢሆን መፍትሔው ታውቆ ያደረ ነው። የአማርኛው ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን በየተራ እያስቀመጠ ፊደላችንን በነጥብ ያሰፍራል። ተማሪው ስሌት በሚባለው ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ ወፍራም ወረቀት አጥብቆ፣ ስታይለስ በሚባለው መውጊያ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱን ገልብጦም ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። ስሌቱና ስታይለሱ በአንድ እጅ የሚያዙ ናቸው። ከባዱ መጽሐፉ ነው፤ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በብሬል ሲታተም ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀበለችው የማራኬሽ ስምምነት መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን በሚስማማ መልክ ማባዛትን ያቃልላል፤ የሚያባዛ እጅ ግን ይፈልጋል።

ፍሬውን ማየት ለሚፈልግ የወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን ሕይወት መመልከት ይበቃል። በ1974 ዓ.ም. በወሎ አማራ ሳይንት ተወልደው በ5 ዓመታቸው ዓይናቸውን ያጡት የትነበርሽ፣ ቤተሰባቸው ከገጠር አውጥቶ ሻሸመኔ ወደሚገኘው የካቶሊክ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላካቸው። ከዚያም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናማዎች ጋር ተማሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዓይነ ስውር ባይሆኑ ኖሮ በልጅነታቸው ይዳሩ እንደነበር እርሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ይህ አባባላቸው ለሚሰማው የሚከብድ ነው፤ ስለ ዓይናማዎቹ ሴቶች ልጆቻችንም የሚለው አለው።

ታዲያ የገጠሩ ልጅ ለምን ይቀራል? ቤተሰቡ የእርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት መስሎት የሚሸሽገው ልጅ አለ። ዓይነ ስውር ማለት ዓይኑ የተሰወረበት ማለት ነው፤ እኛ ግን ልጁን ራሱን ሰውረነዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መልስ ሰጥቷል፤ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው እርሱም ወላጆቹም ስለ በደሉ እንዳልሆነ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። የወላጅ ፍርሃት ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። የሰበታው መርሐ ዕውራንና የሻሸመኔው ዓይነት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በቁጥር ጥቂት ናቸው። አካቶ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታም ብሬል የሚያውቅ መምህርና የድጋፍ መስጫ ማዕከል በአብዛኛው የሚገኘው በከተማ ነው። ስለዚህ ልጁ ከቤቱ ርቆ ቤት ተከራይቶ መኖር ይገደዳል። እናት ‹‹ልጄን ለማን አደራ እሰጣለሁ?›› ብትል፣ በተለይ ልጇ ሴት ከሆነች፣ ማን ይፈርድባታል?

ሕገ መንግሥቱ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ መምህር ማሠልጠንና መጽሐፍ ማሳተምም የመንግሥት ድርሻ ሆኖ ይኖራል። የእናቲቱን ጥያቄ ግን ጽሕፈት ቤት አይመልሰውም። የሚመልሰው ጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴውና ዕድሩ ነው። በአንድ የገጠር አጥቢያ የትኛው ቤት ምን ዓይነት ልጅ እንዳለ ከንስሐ አባቱና ከዕድሩ ዳኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። 12 አባላት ያሉት የጽዋ ማኅበር እያንዳንዱ አባል የአንድ ወር የቤት ኪራይና ቀለብ ቢሸፍን አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይማራል። የከተማው ማኅበር ከገጠሩ ጋር ቢተሳሰር ደግሞ ልጁ ቅዳሜና እሑድ የሚጠይቀው፣ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ያልተባዛለትን መጽሐፍ የሚያነብለት ቤተሰብ ያገኛል። ለበዓል ድግስ የምናወጣውን ወጪ የምናውቅ ሰዎች ይህ ከአቅማችን በላይ ነው ብንል አያምርብንም።

አስቀድሞ መደረግ ያለበትም አለ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን በመቶ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዕውርነቱም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ በሕፃን ላይ ሲሆን ግን መዘግየት አይገባም። ከእንጦጦ ሲወርዱ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው የታወቀ ስለሆነ፣ ከገጠር ለጸበል የመጣ ወላጅ ከመመለሱ በፊት ልጁን ቢያስመረምር መንገዱ እጥፍ ይጠቅመዋል። ጥቂት የሚያይ ልጅም ከፊት ወንበር ተቀምጦ፣ ጎላ ባለ ጽሑፍ መማር ይችል ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው፤ በስማቸው የተሰየሙት ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሁለቱም ከተራራው በታች መገኘታቸው ለእኛ ነገር ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ የተደረደረ ያስመስለዋል።

ከዛሬ እስከ ዘመን መለወጫ 20 ቀናት ያህል ቀርተዋል። በዓሉን ለማክበር በየአጥቢያው የተሰበሰበው ማኅበርተኛ ከመለያየቱ በፊት በአካባቢው ያለውን ማየት የተሳነው ልጅ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ በወረቀት ላይ ያስፍር። ወረቀቱንም ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ለርእሰ መምህሩ ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያድርስ፤ ከልጁ ወላጆች ጋርም ሁለት ሰው አብሮ ይሂድ።