ጎርፍ መዝጋት ብቻ ለእኛ አይሆንም

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አልጽፍም፤ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ነው።

ሰሞኑን አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ተማሪዎች የሰሩትን የጎርፍ መከላከያ በር አየሁ። ሳፋ ውስጥ አሸዋ ደልድለው ቦይ አውጥተዋል። ቦዩ ዳር ሁለት ሽቦ ቆሟል። ውሃው ሽቦዎቹን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ አርዱይኖ የምትባለው ትንሽ ሰሌዳ ይህን ታውቅና ሞተሩን ታዛለች፣ በሩ ይዘጋል። ትዕዛዙን የጻፉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በጣም ደስ አለኝ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት ግን "እህ! ማሽላው ሳይጠጣ ለምን ዘጋችሁት?" አሏቸው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ እውነታቸውን ነዋ!

ኔዘርላንድ ውስጥ ሮተርዳም አካባቢ በ1997 እ.ኤ.አ. የተመረቀ ግዙፍ በር አለ፤ ባህሩ ሲነሳ ኮምፒውተር ያዝና ይዘጋል። እዚያ ውሃውን ማስቀረት ነው ሥራው። እኛ ጋ ግን ሆርማትና ጎሊና ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ዘንቦ በሌሊት ሞልተው ይመጣሉ። ጠልፈን ማሳ ካስገባነው እህል ነው፤ ከበዛብን አፈሩን ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ የእኛ በር መጀመሪያ መክፈት፣ ሲበዛ ማጥበብ፣ ተራው ሲደርስ ለታችኛው ማሳ ማሳለፍ አለበት። ይህን የሚያውቁት የውሃ አባቶች ናቸው። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ስልጠና በ2016 በነጻ ተጀምሯል፣ ጥሩ ነው፣ ተማሩ እላለሁ፤ ስለ ሆርማት ግን እዚያ የሚነግራቸው የለም።

ደለሉስ? የሳፋው ውሃ ንጹህ ነው። የእኛ ጎርፍ ድንጋይና ግንድ ይዞ ነው የሚመጣው። በራያ ሸለቆ በሲሚንቶ ከተሰሩት ጠለፋዎች እንኳ ደለል የደፈናቸው አሉ፤ ሁለት ሽቦ ምን ይቆማል!

እንደኔ እንደኔ በሩ ይቆይና ልጆቹ መጀመሪያ ደወል ይስሩ። ከወንዙ በላይ ተሰቅሎ የውሃውን ከፍታ በድምፅ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ውሃው አይነካውም። ሲም ካርድ ከሚወስድ ሰሌዳና ከትንሽ ሶላር ጋር ከተገጠመ፣ ጎርፉ ሲነሳ ታች ላሉት ስልክ ይደውላል። ኔትወርክ ከሌለ አይሰራም፣ አልደብቃችሁም፤ ስለዚህ የለመድነው ጥበቃና ጩኸት አይቅር። ደወሉ በሐሰት ቢጮህ እንቅልፍ ነው የሚያጠፋብን፤ በሩ ቢሳሳት ግን የዓመት ቀለብ ነው።

ላይ ድምፁ ከተሰማ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ጎርፉ ማሳችሁ እንደሚደርስ የምታውቁ ስንገናኝ ንገሩኝ። ልጆቹ ያንን ቁጥር ይፈልጉታል።