ከጣሪያው ሥር ያሉት ጥገኞች

እናንተዬ፣ በረት ገዛን! እንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ፣ ድርቆሽ ሲከመርበት የኖረ አሮጌ የድንጋይ በረት። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ይህን ሁሉ ዓመት ፈረንጅ አገር ተምረህ መጨረሻህ ጋጣ ሆነ?» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የእርሻ ቤትን መኖሪያ ማድረግ ቀሏል፤ ማመልከቻ ከገባ ማዘጋጃ ቤቱ በ56 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ይህን ሰምተን የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባችንን አፈሰስን። የቀረውን አላጣራሁም፤ ጋዜጠኛ ነበርኩ ስል አሁን አፍራለሁ።

በኖቬምበር ያመጣነው ባለሙያ ከወራጁ ሥር ጥቋቁር ኩስ ለቀመ። በጣቱ ሲያሸው እንደ አመድ በነነ። የአይጥ ቢሆን ድርቅ ብሎ ይቀር ነበር፤ የሌሊት ወፍ ነው! ሕጉ የሚጠብቀው እንስሳውን ብቻ አይደለም፤ ማደሪያውንም ነው፣ ባዶም ቢሆን። ሲወጡ ሲገቡ የሚቆጠሩት ደግሞ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። እስከዚያ ጣሪያውን መንካት የለም።

ባለቤቴ «እኛ ጥገኝነት እስክናገኝ ስንት ዓመት ተንከራተትን፤ እነዚህ ሳይጠይቁ አገኙት» ብላ ሳቀች። የቤት ኪራዩ ግን እየቆጠረ ነው። ዝናቡም ሜይን አይጠብቅም፤ ቅዳሜ ዕለት ሄጄ ከሚያፈሰው ሥር ሁለት ባልዲ ደቅኜ ተመለስኩ።